ከካባው በላይ የተቆፈረው ኩሬ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ከኋላዬ አንድ አዛውንት ገበሬና አንድ የድንጋይ ካባ ሠራተኛ ተቀምጠዋል። ራዲዮው ስለማይሠራ የሚሰማው የነሱ ወሬ ብቻ ነው።

«አንተ ልጅ፣ የካባችሁ ጭቃ እኮ ማሽላዬን እስከ ጉልበቱ ዋጠው!»

«አብሽሩ አባባ፣ ኩሬ ቆፍረናል። ጎርፉ እዚያ ሲገባ ደለሉ እታች ይዘቅጥና ውኃው ጠርቶ ይወርዳል።»

«የት ነው የቆፈራችሁት?»

«ከካባው በላይ።»

«በላይ? ጎርፉ ሽቅብ ሊወጣላችሁ?»

«እኔ ምን ላድርግ? ፕላኑ እዚያ ነው የሚለው።»

«ታዲያ ፕላኑን ለጎርፉ አንብባችሁለታል?»

«ወላሂ፣ እኛም ስንስቅ ነው የቆፈርነው።»

«መሐንዲሱ ቦታውን አላየም እንዴ?»

«አንድ ቀን መጥቶ ነበር። ዝናብ ሲሆንበት ከመኪናው ሳይወርድ ተመለሰ።»

«ዝናብ እየፈራ ነው የጎርፍ ኩሬ የሚሠራው?»

«ኩሬው ግን ያምራል፤ ጭቃ የሚባል ነገር የለበትም።»

«የመሐንዲሱም ጫማ እንደዚያው ነዋ!»

«ዛሬ ኩሬውን ሊያስመርቅ ይመጣል አሉ።»

«እሰይ! እኔም ወደዚያው ነኝ። እጁን ይዤ ከነጫማው ማሽላዬ መሀል ነው የማቆመው።»

ትንሽ እንደሄድን አዛውንቱ ጮክ አሉ።

«ካባው ጋ ወራጅ አለ!»

እኔም ወራጅ የነበርኩት እዚያው ነው፤ የተጠቀለለውን ፕላኔን ጃኬቴ ውስጥ ሸጉጬ ሳልወርድ እስከ ኮምቦልቻ ሄድኩ።