ዳኛውን የመታው ዱላ አልነበረም

የምስክር ቃል መቀበያ

የቃል ሰጪ ስም፦ ምሥራቅ መሳፍንት
ዕድሜ፦ 26
አድራሻ፦ ደብረ ማርቆስ ከተማ
የትምህርት ደረጃ፦ በስፖርት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ
ሥራ፦ የብስክሌት አሠልጣኝ
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባች (ቃል ሰጪዋ ይህ እንዲሰመርበት ጠይቃለች፤ ተሰምሮበታል)
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ኅዳር 10 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን አበባው

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ቃል ሰጪ ወደ ጣቢያው የመጣሁት ተጠርቼ ሳይሆን በራሴ ፈቃድ ነው። የመጣሁበትም ምክንያት አቶ እንዳላማው የኔአለም የተባሉ የአምበር አካባቢ አዛውንት ትናንት እሑድ የብስክሌት ውድድር ዳኛውን አቶ የሺዋስን በዱላ መትተዋል ተብለው ታስረው ስላደሩ ነው። አቶ እንዳላማው ማንንም አልመቱም። መታሁ ብለው ማመናቸውን አውቃለሁ። ቢያምኑም አልመቱም። ቃል ተቀባዩ በአጭሩ ተናገሪ ስላሉኝ የሚቻለውን ያህል አሳጥራለሁ።

ውድድሩ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ በቡሬ፣ በባሕር ዳር፣ በሞጣና በደጀን ዞሮ ተመልሶ ደብረ ማርቆስ የሚያበቃ ሲሆን ርዝመቱ አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው። ቅዳሜ ንጋት ላይ ተጀምሮ እሑድ በ9፡00 ሰዓት ይዘጋል። እያንዳንዱን ተወዳዳሪ አንድ አጃቢ መኪና ይከተለዋል። አጃቢ ማለት ውሃና ምግብ የሚያቀብል፣ ጎማ ሲተነፍስ የሚቀይር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተወዳዳሪው ብስክሌቱ ላይ እንዳይተኛ የሚጮኽበት ሰው ነው። እኔ በመጀመሪያ የተመዘገብኩት በተወዳዳሪነት ነበር። አቶ የሺዋስ ግን ውድድሩ ለሴት አይሆንም፣ ለጤናሽ አስበን ነው በማለት ስሜን ሰረዘው። ጤንነቴን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ባቀርብለት ሳያነበው መለሰልኝ። ስለዚህ አብሮኝ ለዓመታት የሠለጠነውን የአበረ ይታያልን አጃቢ ቡድን መራሁ። አበረን በጨሞጋ ዳገት ላይ ሁለት ጊዜ ቀድሜዋለሁ፤ ይህን ራሱም አይክድም።

አበረ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ ክለብ የለውም። አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ውድድሩን በሰዓቱ ከጨረሰ እንደሚቀጥረው ቃል ገብቶለት ነበር። በደንቡ መሠረት አጃቢ መኪና ውስጥ የሚፈቀዱት ሁለት የተመዘገቡ ሰዎች ብቻ ናቸው፤ እነሱም እኔና ሾፌሩ ሙሐመድአሚን ነበርን። ሌላ ሰው ከተገኘ ተወዳዳሪው ለሁለት ደቂቃ ቆሞ ይቀጣል። አጃቢ ዳኛን ከመታ ግን ተወዳዳሪው ከውድድሩ ይሰረዛል። ይህን አሁን ማስመዝገቤ ኋላ ስለሚያስፈልግ ነው።

ሌሊቱ በሰላም አለፈ። እሑድ ጠዋት ከሉማሜ በኋላ ግን አበረ በመንገድ ዳር የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች እንደምን አደራችሁ እያለ ሰላምታ ማቅረብ ጀመረ። አንዱ ድንጋይ አልመለሰልኝም ብሎም አዘነ። ይህ የእንቅልፍ እጦት ምልክት ስለሆነ በመስኮት ግማሽ ሰውነቴን አውጥቼ በድምፅ ማጉያ አነጋግረው ጀመር። ምን አልሽው ተብዬ ተጠይቄ፣ እንዳትወርድ፣ ከወረድክ አለቀልህ፣ የትም አታመልጠኝም ማለቴን አስታውሳለሁ። የመጨረሻው በልምምድ ጊዜ የምንቀላለድበት ነው። አበረ ግን ያን ጊዜ ለቀልድ አልደረሰም። ተዪኝ እያለ ያለቅስ ነበር፤ ሆኖም ፔዳሉን መምታት አላቆመም።

ከቀኑ 5፡30 ሰዓት ገደማ አምበርን አልፈን ትንሽ እንደሄድን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው መንገድ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ሰንበቴ የተቀመጡ ሰዎች አጋጠሙን። እነሱ ያዩት በብስክሌት እያለቀሰ የሚሸሽ ሰውና መብራት አብርታ፣ ጥሩምባ እየነፋች የምታሳድደውን መኪና ነው። ተነሥተው ዱላቸውን ይዘው መንገዱን ዘጉ። አበረም መካከላቸው ገብቶ የአቶ እንዳላማው አንገት ላይ ተጠመጠመና እንዲህ አለ፦ «አባቴ፣ ያስጥሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

አቶ እንዳላማው አበረን ከኋላቸው አድርገው ወደ እኔ መጡ። ባልሽን በመኪና ታሳድጃለሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ባሌ እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «ባልሽ ካልሆነማ የባሰ ነው» አሉኝ። «ምኑ ሆነሽ ነው እንቅልፍ የምትነሺው?» አሠልጣኙና አጃቢው ነኝ ብል ሊገባቸው አልቻለም። በራሱ ፈቃድ እየተወዳደረ መሆኑን ባስረዳም በራሱ ፈቃድ የሚያለቅስ ሰው አይተው እንደማያውቁ ገለጹልኝ። ወይዘሮ የብርጓል የተባሉ የአቶ እንዳላማው ጎረቤት በበኩላቸው ከየት ወዴት እንደሚሄድ ጠየቁኝ። ከማርቆስ ወደ ማርቆስ አልኳቸው። «ታዲያ እዚያው ቢቀመጥ ምን ነበረበት?» አሉ። ሳቁ ረዘም ያለ ጊዜ ወሰደ።

አበረን ዛፉ ሥር አስተኝተው ጋቢ አለበሱት። ብስክሌቱን ሁለት ሰዎች እንደሚደነብር በቅሎ ግራና ቀኝ ይዘውት ቆሙ። ከዚያ ሊያስታርቁን ተቀመጡ። ሙሐመድአሚንን አንተ ገለልተኛ ነህ ብለው ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጡት። ይረዳኛል ብዬ ስጠብቅ ቆሏቸውን እየቆረጠመ ራሱን ይነቀንቅ ጀመር። አበረ ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ የበደለችህን ተናገር ሲባል፣ ከባሕር ዳር ጀምሮ ሙዝ እንጂ ሌላ ነገር አልሰጠችኝም አለ። ይህ ሐሰት ነው። በሶም ሰጥቼዋለሁ። ይህን ተናግሮ መልሶ ተኛ።

ሰዓቱ እየነጎደ ስለነበር ሙሐመድአሚን ወደ ጎን ወሰደኝና በሹክሹክታ መከረኝ። «እህቴ፣ ባሌ ነው፣ አጥፍቻለሁ በይና እንሂድ። ለአንድ ደቂቃ ብታገቢው ምን ትሆኛለሽ?»

ለግማሽ ደቂቃም እንደማላገባው አሳወቅኩት። ለሽማግሌዎቹም ያላጠፋሁትን ይቅርታ እንደማልጠይቅ፣ ካላገባሁት ሰው ጋርም እንደማልታረቅ ቆሜ ተናገርኩ። አንደኛው ሽማግሌ ይህች ልጅ አንደበቷ ሾተል ነው አሉ። አቶ እንዳላማው ግን ቢያንስ ልጁን ላለመጉዳቴ ዋስ እንድጠራ ጠየቁኝ። በዚያ አገር የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ዋስም አያስፈልገኝም አልኩ። ጥቂት አሰቡና እኔ እሆንሻለሁ አሉ። እኔ አልፈልግም ስል እሳቸው ዋስ የሆኑለትን ሰው ከዓይናቸው እንደማያርቁ እየነገሩኝ የመኪናውን የፊት ወንበር ይዘው ነበር። እንዲወርዱ ብጠይቃቸውም፣ ብለምናቸውም፣ የውድድሩን ደንብ ባነብላቸውም አልወረዱም። 7፡00 ሰዓት አልፎ ስለነበር አበረን ብስክሌቱ ላይ አውጥተን ተነሣን።

አቶ እንዳላማው እንዳልጮኽበት የድምፅ ማጉያውን ነጥቀው ተቀመጡበት። ብዙም ሳንሄድ አበረ እየነዳ አንቀላፋና ወደ ቦይ ሊገባ ሲል አዩት። ማጉያውን ከሥራቸው አወጡና በየት በኩል እንደሚነገርበት ሙሐመድአሚንን ጠየቁት። ከዚያ በኋላ አልመለሱልኝም። በእርሻ ላይ በሬ የሚያበረታቱበትን ድምፅ አውጥተው ሳብ ዳልቻ፣ ጎበዝ ዳልቻ እያሉ ዳገቱን ሁሉ አስወጡት። ዳልቻ የበሬያቸው ስም መሆኑን ኋላ ተረድቻለሁ። እኔ ስጮኽ ያለቅስ የነበረው አበረ ዳልቻ ሲባል ከመቀመጫው ተነሥቶ መንዳቱን ያየሁ ስለሆነ መካድ አልችልም። ተናድጄ ነበር።

8፡45 ሰዓት ገደማ የጨሞጋን ድልድይ ተሻግረን ወደ ከተማው የሚያስገባውን ዳገት ስንጀምር አቶ የሺዋስ በሞተር ሳይክል ደረሰብን። ያልተመዘገበ ሰው ድምፅ ሰምቶ ነበር። ሞተሩን አቁሞ፣ ፊሽካውን እየነፋ በእግሩ ወደ አበረ ሮጠና የብስክሌቱን ኮርቻ ከኋላ ያዘ። ቅጣቱን መቅጣት መብቱ ነው። ነገር ግን ደንቡ ተወዳዳሪውን በምልክት አስቁም ይላል እንጂ ኮርቻ ያዝ አይልም። የአበረ ጫማ ከፔዳሉ ጋር የተቆለፈ ስለሆነ ዳገት ላይ ከቆመ በዚያ በተሰበረው ትከሻው መውደቁ ነው። ከመኪናው ወርጄ ልቀቀው ብዬ ጮኽኩ፤ አልለቀቀም። ወደ እኔ ዞሮ እንኳ ሳያይ፣ አንቺ ደሞ ማን ሆነሽ ነው አለኝ።

አቶ እንዳላማው ሊገላግሉ ከመኪናው ወርደው ዱላቸውን እንደ አጥር አግድም ይዘው ቆሙ። ከአቶ የሺዋስ ቢያንስ አራት እርምጃ ይርቁ ነበር። ዱላው ማንንም አልነካም።

አቶ የሺዋስን የመታሁት እኔ ነኝ። ለአበረ የያዝኩትን በሶ የተሞላ ኮዳ በቀኝ እጄ አንሥቼ ጆሮ ግንዱ ላይ አሳረፍኩበት። ኮዳው ተከፈተ፣ ፊሽካው ወደቀ፣ ኮርቻው ተለቀቀ። አበረ ነድቶ ውድድሩ ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መስመሩን አለፈ። አቶ የሺዋስ ዞር ሲል ያየው ዱላ የያዙትን ሽማግሌ ስለሆነ ማነው የመታኝ ብሎ የጠየቀው እሳቸውን ነው። እሳቸውም እኔ ነኝ፣ ምን ይጠበስ አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ነኝ እኔ ነኝ ብል የሰማኝ የለም፤ በቦታው የደረሰው ፖሊስ እህቴ ገለል በዪ አለኝ። ማስረጃ አለሽ ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ የአቶ የሺዋስ ጃኬት በሶ በበሶ እንደሆነና ጣቢያው እንደያዘው አይቻለሁ። ዱላ በሶ አይረጭም።

ታዲያ ለምን ትናንትናውኑ መጥተሽ አልተናገርሽም ተብዬ ተጠይቄያለሁ። ማታ አቶ የሺዋስ ሽማግሌው አጃቢ ሳይሆኑ የውጭ ሰው ስለሆኑ፣ ያልቆመው ሁለት ደቂቃ ተደምሮበት የአበረ ውጤት ይጸድቃል ብሎ አስታወቀ። የክለቡ ተወካይም አበረን ጨበጠው። እኔ ከተናገርኩ ግን መቺዋ አጃቢ ስለሆንኩ አበረ ይሰረዛል። አንድ ሌሊት አሰብኩ። ለዚያ ሌሊት ብቻ ተወቃሽ ነኝ።

ዛሬ ጠዋት ቁርስ ይዤ አቶ እንዳላማውን ጠየቅኳቸውና ቃላቸውን እንዲያነሡ ለመንኳቸው።

«ዋስሽ ነኝ» አሉኝ። «አንቺ መታሽ ማለት እኔ መታሁ ማለት ነው።»

«አያ እንዳላማው፣ ዋስ ይሁኑኝ ብዬ አልጠየቅኩዎትም።»

«ደሞስ አገር ምን ይለኛል? ሴት ልጅ ስትመታ ዱላውን ይዞ ቆሞ አየ ይበለኝ? ሂጂ ልጄ፣ አርፈሽ ተቀመጪ።»

ዳቦውን በልተው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ከዚያ ወደ አበረ ሄጄ ቀሰቀስኩት። ሁሉንም ነገርኩት። «አምስት መቶ ስልሳ ኪሎ ሜትር ነው እኮ፣ ምሥራቅ» አለኝ። አውቃለሁ፣ ሙሉውን ከኋላህ አይቼዋለሁ አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተናደደ መሰለኝና ልወጣ ስል ሽማግሌው ሌሊት የሚለብሱት ነበራቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልነበራቸውም አልኩት። ተነሥቶ የራሱን ብርድ ልብስ አጣጥፎ ተከተለኝ። አሁን ከጣቢያው በር ላይ ቆሟል። ዛሬ ያናግረኛል ብዬ ግን አልጠብቅም።

ቃል ተቀባዩ እስከዚህ ጽፈው ብዕራቸውን አስቀመጡና ይህን ካልሽ የምስክር ቃል መሆኑ ቀረ እኮ አሉኝ። እንግዲያው ርእሱ ይስተካከል አልኩ። ምስክር የሚለው ተሰርዞ ተጠርጣሪ ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቄ፣ በፊቴ ተሰርዞ ተጽፏል፤ ስርዙ ላይ ፈርሜበታለሁ። የምጨምረው ካለ ተብዬ ተጠይቄ የሚከተለውን ጨምሬያለሁ። አምበር ላይ የአንድ ሰው ሚስት ተደረግኩ። ውድድሩ ላይ ለጤናዬ የሚያስብልኝ ተገኘ። አሁን ደግሞ ለእኔ እጅ አንድ ሽማግሌ ታስረውለታል፣ አንድ ብስክሌተኛ ሊሰረዝበት ነው። ዳኛውን የመታው የእኔ እጅ ነው፤ ሁለት ጎማ የምትለውጥ፣ ፊርማዋን የምታውቅ እጅ ናት። የምትጠየቀውም እሷ ብቻ ትሁን። አቶ የሺዋስን ስለ ጆሮው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለ ኮርቻው ግን አልጠይቅም።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከአፌ የወጣ ነው። ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፣ እኔም ራሴ አንብቤዋለሁ፤ አንድ ቦታ ላይ «በስሜት ተነሣሥቼ» ተብሎ የተጨመረውን ያላልኩት ስለሆነ አሰርዤዋለሁ። በደንብ አስቤ ነው የመታሁት። እውነት ስለሆነ በእጄ ፈርሜያለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ ምሥራቅ መሳፍንት
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ምክትል ሳጅን አበባው