በቀብሩ ላይ የተነበበው ወረቀት

ኤርትራ ጠቅላይ ግዛት በተባለች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ወደ ጥራቮሎ ሰፈር በሚሄድ ታክሲ ከፊቴ የተቀመጡ፣ ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ ሁለት ሴቶች በትግርኛ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንደኛዋ ጥቁር ለብሳለች።

«ማን ሞተብሽ፣ እኅቴ?»

«ባለቤቴ። የመንግሥት መጋዘን አናጺ ነበር።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«እንዴት ልጽና? በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩን በአማርኛ አነበቡት!»

«አማርኛ ትሰሚያለሽ?»

«ከየት አምጥቼ? ሰው ራሱን ሲነቀንቅ እኔም ነቀነቅሁ።»

«ልጅ የለሽም?»

«አለችኝ፤ ትምህርት ቤት ተምራዋለች። በጆሮዬ ልትነግረኝ ስትጀምር አንዱ ሹም ዞሮ ‹ጸጥታ!› አላት። በገዛ አባቷ መቃብር ላይ!»

«ዋይ! ኋላስ አልነገረችሽም?»

«ነገረችኝ። ታማኝ፣ ትጉህ፣ ሥርዓት አክባሪ ይላል። ይህ የማን ባል ነው? የእኔው ባል፣ ምጥ ሲይዘኝ፣ ከሰፈራችን ከዓባ ሻውል እስከ ሐኪም ቤት በጀርባው ተሸክሞኛል። የልጃችንን አልጋ፣ በቁመት ባደገች ቁጥር፣ እየፈታ አስረዝሞላታል።»

«ይህን አልነገርሻቸውም?»

«ሁሉንም በትግርኛ አስጽፌ ለመሥሪያ ቤቱ ላክሁ። ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው የተማረ ነው፣ ቋንቋችንንም አሳምሮ ያውቃል አሉ። ፊቱን ባውቀው!»

«ምን ትይው ነበር?»

«እስቲ አሁን ለእኔ አንብብልኝ፣ እለው ነበር!»

ያን ወረቀት ያዘጋጀሁት እኔ ነበርሁና፣ ከመውረጃዬ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወረድሁ።