ወር ሙሉ ያልያዘ መረብ

ከጦርነቱ በኋላ ሐይቅ ከተማ ለተከፈተ ክሊኒክ የታካሚዎች መዝገብ ፕሮግራም እሠራ ነበር። ኮዱን በነካሁ ቁጥር ፕሮግራሙን በራሱ ገጣጥሞ ስህተት እንዳለው የሚፈትሽ ሰርቨር አቆምኩና ጉራዬ አላስቀምጥ አለኝ። ላስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረኝ፣ ሐይቁ ዳር መረብ ለሚጠግነው አጎቴ ለሰይድ፣ "ሰርቨሬ ወር ሙሉ አንድም ስህተት አላገኘብኝም!" አልኩት።

ከመረቡ ቀና ሳይል፣ "ወላሂ፣ የኔ መረብ ወር ሙሉ ምንም ካልያዘ ዓሣ አለቀ አልልም፤ ቀዳዳውን ነው የምፈልገው" አለኝ።

ስቄበት ሄድኩ። ግን አላስቻለኝም። ሰርቨሩን ከፍቼ ሳየው፣ ለካስ ኮዱ የተቀመጠበትን ፎልደር ስም ተሳስቼ ሰጥቼው ኖሮ፣ ሰርቨሬ ባዶ ፎልደር ሲፈትሽ ከርሟል። አስተካክዬ ብለቀው ስክሪኑ በቀይ የስህተት ምልክት ተሞላ።

"ያዘልህ?" አለኝ አጎቴ በማግስቱ።

"ያዘ፤ አርባ ስህተትና አንድ ጉረኛ።"