አልረጋ ያለው የፒምፋ ሞተር

«ልጅ ለወግ ለማዕረግ አድርሰሽ፣ አሁን ፊደል ቆጥረሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ሴንግማኒ ይህን የተጠየቀችው መንገድ ላይ ነው። ጠያቂው አጎቷ ካምሳይ ነበሩ። እሷ ከገዳሙ አዳራሽ፣ ከጎልማሶች ትምህርት ደብተሯን በብብቷ ይዛ ስትመለስ፣ እሳቸው የዓሣ መረባቸውን በትከሻቸው አንግበው ከናም ኡ ወንዝ ሲወጡ፣ ቁልቁለቱ ላይ በአጋጣሚ ተገናኙ።

«ምን ልሁን ብለው ነው አጎቴ?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን ከከንፈሯ አላለፈም።

ገና ሳይለያዩ ከላይ የሞተር ጩኸት መጣ። ልጇ ፒምፋ በአዲሱ ሞተር ሳይክሏ ቁልቁለቱን ስትወርድ ነበር። መታጠፊያው ላይ መሪውን ወደ ግራ ስትመልስ ሞተሩ በድንገት አጓራ፤ ፍሬኑን ይዛ፣ የፊቱን ጎማ የሰው ጎመን ውስጥ ሰክታ በመከራ ቆመች።

«እማ፣ የጋዙን እጀታ ለቅቄዋለሁ! እኔ ሳልነካው ነው የሚሮጠው!»

ሴንግማኒ ደብተሯን ጥላ ሮጠች፤ የልጇን እጅ፣ ጉልበት፣ ግንባር ዳሰሰች። ሰኞ ፒምፋ በዚሁ ሞተር ተራራውን ተሻግራ ሉዋንግ ፕራባንግ ወደሚገኘው የነርሶች ትምህርት ቤት ልትሄድ ነው። በዚህ ዓይነት ሞተር ላይ ግን እንኳን ሰው፣ ዶሮም አይጫንም።

ካምሳይ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። በመንደሩ የጀልባ ሞተር የሚጠግኑት እሳቸው ናቸው፤ መንገደኛን ነፍሱ እንዳትርቀው ጠርተው ነጭ የምርቃት ክር የሚያስሩትም እሳቸው ናቸው። ትናንት ሞተሩ በተባረከበት ሰዓት የመሪው አንገት ላይ አርባ ያህል ክር ያሰሩት፣ በላዩም የአበባ ጉንጉን የጫኑበት በገዛ እጃቸው ነው።

«ዛሬ ጠዋት ሲጮኽ ሰምቼ ሚኒሞውን ዝቅ አድርጌለት ነበር» አሉ። «ጋዝ ሳይሰጡት ዝም ብሎ እንዲያንጎራጉር ብሎኑን በካቻቢቴ አላላሁት። እምቢ አለ። እንግዲህ ይህ የብሎን ነገር አይደለም፤ የልጅቷ ነፍስ መሄድ አልወደደችም። ዘንድሮ ትቅር።»

እውነቱ ይነገር፤ ሴንግማኒ ይህን ስትሰማ ግማሽ ልቧ ደስ አለው። ልጅን ከጓዳ የማያርቅ ምክር ለእናት ጆሮ ማር ነው። ግን የፒምፋን ፊት አየች፤ ልጅቷ ተራራ ተራራውን ታያለች።

«አጎቴ፣ ከመፍረዳችን በፊት የሞተሩን መመሪያ መጽሐፍ ልየው» አለች። ከመቀመጫው ሥር ከላስቲኩ ያልወጣች ትንሽ መጽሐፍ ነበረች።

«ሞተር በጆሮ ነው እንጂ በፊደል ይድናል? እኔ ያን ሁሉ ጀልባ ያዳንኩት የትኛውን ገጽ ገልጬ ነው?»

«ባዳኗቸው ጀልባዎች እኔም ተሳፍሬያለሁ። አንዱ መሐል ወንዝ ላይ ተኝቶብን አልነበር?»

«እሱ ቤንዚኑ ውሃ ነበረበት!» አሉ ካምሳይ፤ ግን ሳቃቸው አመለጣቸው።

ሴንግማኒ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ፒምፋ መጽሐፉን ልትቀበላት ስትል «ተይኝ፣ እኔው እወጣዋለሁ» አለቻት።

«ሞተሩ... ከሞቀ በኋላም... ድምፁ ካልወረደ... መሪውን ወደ ግራና... ወደ ቀኝ... አዙሩ። ድምፁ ከተለወጠ... የጋዙ ገመድ... የያዘው ነገር አለ።»

ሞተሩን ከጎመኑ አውጥተው አስነሡት። መሪው ወደ ቀኝ ሲዞር ድምፁ ወረደ፤ ወደ ግራ ሲዞር አጓራ።

«አያ፣ ነፍሴ መሄድ የማትፈልገው ወደ ግራ ብቻ ነው እንዴ?» አለች ፒምፋ።

«ዝም በይ፣ አንቺ ምላሳም!» አሏት ካምሳይ።

ሴንግማኒ አበባውን ገለጥ አደረገች። የጋዙ ገመድ በክሩ ተጠፍሮ ከመሪው አንገት ጋር ታስሯል። መሪው ወደ ግራ በዞረ ቁጥር ገመዱ ይሳባል፤ ጋዝ ይሰጣል። ካምሳይ አዩት። ፊታቸው ጠቆረ።

«ያሰርኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«እንድትጠበቅልን ብለው ነው እኮ።»

«ሦስት ቀን ሳይሞላው ክር አይነካም፣ ሴንግማኒ።»

«አይበጠስ፤ ይፈታ። ያሰረው እጅ ይፍታው። ክሩ ወንዝ ከከተታት ማንን ጠበቀ? መስተዋቱ አንገት ላይ ያዛውሩት፤ ከዚያም ሆኖ ያያታል።»

ሽማግሌው መረባቸውን ከትከሻቸው አወረዱ። ከዚያ ተንበርክከው በጥፍራቸው አንድ አንድ ክር እየፈቱ፣ ከንፈራቸው ምርቃቱን እየደገመ፣ ሁሉንም መስተዋቱ ላይ አሰሩት።

ፒምፋ ሞተሩን አስነሣች። ሳል ሳል አለና ጠፋ።

«ጠዋት ያላላሁት ብሎን ነው» አሉ ካምሳይ። «ወደ ነበረበት ልመልሰው። ግን ስንት ዙር ነበር? ረሳሁት።»

ሴንግማኒ ከመንገድ ዳር ደብተሯን አነሣች። መምህሯ በየቀኑ ካዩት ነገር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ብለዋቸው ነበር። አቧራውን አራግፋ አነበበች፦ «ዛሬ ጠዋት አጎቴ ካምሳይ ብሎኑን ሁለት ዙር ወደ ግራ አዞሩ።»

ካምሳይ ተጠጉ። «ስሜ የቱ ነው?»

በጣቷ አሳየቻቸው።

«ይህ ሁሉ? ረጅም ነው እኮ!»

ብሎኑን ሁለት ዙር ወደ ቀኝ መለሱት። ሞተሩ ተነሣ፤ መሪው ወዲህም ወዲያም ቢዞር እንደ ጠገበች ድመት አንድ ድምፅ ብቻ አሰማ።

«ጆሮዬ መጮኹን ነገረኝ» አሉ ካምሳይ። «ለምን እንደሚጮኽ ግን አልነገረኝም። ሳላይ ብሎን ነካሁ፤ በአንድ ጥፋት ላይ ሁለተኛ ጨመርኩ። የነካሁትን አንቺ ባትጽፊው ደግሞ ሦስተኛ ልጨምር ነበር።»

እንዲህም ነው። ልማድ ቦታውን ቢለውጥ ክብሩ አይቀንስም፤ ያው ክር መስተዋቱ ላይ ሆኖም ምርቃት ነው። የተጻፈ ነገር እጅ የረሳውን ያስታውሳል። ጠይቆ የሚነካ ሰው የሚያድነው ሞተሩን ብቻ አይደለም፤ በላዩ የተቀመጠውንም ነው። ሴንግማኒ «ምን ልትሆኚ ነው?» ለሚለው አሁን መልስ ነበራት፤ ካምሳይ ግን ደግመው አልጠየቋትም።

ሰኞ ማለዳ እናቷ በሙዝ ቅጠል የቋጠረችላትን ሩዝ ይዛ ፒምፋ ተራራውን ተሻግራ ሄደች። ሴንግማኒ ቀረች። ማክሰኞ በገዳሙ አዳራሽ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ አዲስ ደብተር ይዘው ከጎኗ የተቀመጡት አጎቷ ካምሳይ ነበሩ።