ሥጋውን ወደ ደጅ አውጣልኝ

ፍልሰታ የተፈታ ሰሞን ነው። ጠዋት ዝናቡ ወርዶ ወርዶ ካባራ በኋላ፣ ቡልጋሪያ ታክሲ መያዣው አጠገብ ጭቃ እየዘለልኩ ሳልፍ ጋሽ ታዲዎስን አገኘኋቸው። ጃንጥላቸውን ምርኩዝ አድርገው፣ በሌላው እጃቸው ባዶ ዘንቢል ይዘው ይራመዳሉ። ካዛንቺስ ሳለን የእሳቸውንና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ነበር። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እሳቸው ወሎ ሰፈር ሴት ልጃቸው ዘንድ ገቡ፤ እኔ እዚሁ ቡልጋሪያ ቤት ተከራየሁ። አሁን የምንገናኘው ለቅሶ ቤት ነው፤ አለዚያም እንዲህ መንገድ ላይ።

«እንዴት አደርሽ እጸገነት? ልጆቹ ደኅና ናቸው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ጋሼ። እርስዎስ? ሩሐማስ?»

ሩሐማ ብቸኛ ልጃቸው ናት። ባንክ ቤት ትሠራለች። ካገባች ብዙ ዓመቷ ነው፤ ያልሄደችበት ሐኪም ቤት፣ ያልተጠመቀችበት ጠበል የለም። ስሟን ስጠራ ፊታቸው በራ። ዙሪያቸውን ቃኘት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«ነፍሰ ጡር ናት» አሉኝ። «ለሰው ገና አልተነገረም። ላንቺ ግን አልደብቅም።»

እኔም እጃቸውን ስሜ፣ እመቤቴ በሰላም ትገላግላት አልኩ። እንባዬን ወደመጣበት መለስኩት፤ መንገድ ላይ ማልቀስ አልወድም።

«ታዲያ በዚህ ጭቃ ወዴት ነው?»

«ማሙሽ ጋ። ጾሙን ሙሉ ክትፎ ክትፎ ስትል ከረመች። ጾሙ ሲፈታ በእጄ አጎርስሻለሁ ብያታለሁ። ቀዩን ሥጋ አስከትፌ፣ ጥሬውን፣ ቅቤውን ብቻ ለብ አድርጌ። ደም ይተካላታል።»

ማሙሽ ሥጋ ሻጭ ነው። አባቱ ካዛንቺስ ሳለን የሰፈሩ ሥጋ ቤት ባለቤት ነበሩ፤ የጋሽ ታዲዎስ የልብ ወዳጅም ነበሩ። አባትየው ሲሞቱ ቤቱን ልጃቸው ያዘ፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ሥጋ ቤቱን ይዞ ወደዚህ መጣ። አሁን ጢሙ ሸበት ማለት ጀምሯል፣ ግን እስካሁን ማሙሽ ነው የምንለው።

እኔ የሰማሁትን በሆዴ መያዝ አልችልም። ሰው ይቀየመኛል ብዬም አልተውኩም።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝና፣ ይህን ነገር አያድርጉት» አልኳቸው። «ለነፍሰ ጡር ጥሬ ሥጋ አይሰጥም። ደግሞም ከማሙሽ አይግዙ።»

ጃንጥላቸውን ጭቃው ላይ ተከሉት።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ሐኪም የሆንሽው?»

«ሐኪም አይደለሁም። ፊደል ቆጥሬ ብዙም ሳልገፋ ነው የተውኩት፤ ያውቁታል። ግን ጆሮ አለኝ። ጤና ጣቢያ ልጄን ሳስከትብ ነርሷ ነፍሰ ጡሮቹን ሰብስባ ስታስተምር ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። ጥሬ ሥጋ ውስጥ በዓይን የማይታይ በሽታ ይኖራል አለች። እናቲቱ ላይ ምንም ሳይታይ ሆዷ ውስጥ ያለውን ሊጎዳው ይችላል። ለብ ለብ የሚባለውም ያው ጥሬ ነው አለች።»

«እናቴ እኔን አርግዛ ጥሬ በልታለች። ይኸው አለሁ።»

«እርስዎ አሉ። ያልኖሩትን ማን ቆጠራቸው? በየቤቱ ስንት ሴት ሳይደርስ ወረደባት። እግዜር አልፈቀደም ብለን ዝም አልን እንጂ ምን በላች ብሎ የጠየቀ የለም።»

ጃንጥላቸውን ከጭቃው ነቀሉ። ጨከን ያለ ነገር መናገሬ ገብቶኛል። ግን ሩሐማን ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ጨከን ማለቱ ይሻላል አልኩ።

«እሺ፣ የጥሬውን ነገር ለጊዜው ተዪው» አሉ። «ማሙሽ ምን አደረገሽ? እዚህ ጉልበቴ ላይ ያደገ ልጅ ነው። አባቱን ቀብሬያለሁ። ዛሬ ሌላ ሥጋ ቤት ገብቼ ብታይ ሰው ምን ይለኛል? ደንበኛ ማለት እኮ ዝምድና ነው።»

«ዝምድናውን ማን ከለከለዎት? ለቅሶው ላይ ይቀመጡ፣ ሠርጉ ላይ ይጨፍሩ። ሥጋው ግን ዝምድና አያውቅም። የአባቱ እጅ ሌላ ነበር። አባቱ ማን እንደሚበላው ጠይቀው ነበር የሚቆርጡት። ደግሞ ያንን ቤት ልብ ብለው አይተውታል? ግድግዳው ቀይ፣ አምፖሉ ቀይ። በዚያ ብርሃን እኔም ብሰቀል የሰባ ሰንጋ እመስላለሁ።»

ጋሽ ታዲዎስ ሳይፈልጉ ሳቁ።

«ሥጋ ቤት ሁሉ ቀይ ነው።»

«ሁሉም ባይሆን ብዙው ነው። ስለዚህ ነው ወደ ደጅ አውጣልኝ ማለት ያለብን። በፀሐይ ሲታይ መልኩ ይለያል። ጥሩው ደማቅ ቀይ ነው፤ የከረመው ጠቁሮ ቡናማ ይሆናል፣ ጠርዙም አረንጓዴ ይመታዋል። በጣት ሲጫኑት ጥሩው ተመልሶ ይነሳል፤ የቆየው ጎድጉዶ ይቀራል። እጅ ላይ የሚያዳልጥ ከሆነ፣ ወይ ከሸተተ፣ ምንም ቢረክስ አይገዛም። ከሁሉ በፊት ደግሞ የቄራው ማህተም። በቀለም ተመትቶ ይታያል። ማህተም የሌለው በየጓሮው የታረደ ነው፤ ከብቱ ታሞ ይሁን ሞቶ ማንም አላየለትም።»

«እና ማሙሽ ይህን ያደርጋል ነው የምትይኝ?»

«አላልኩም። እንየው ነው የምለው። አብረን እንሂድ። ሥጋውን ደጅ አውጥቶ ካሳየኝና ደኅና ከሆነ፣ እርስዎ ፊት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ዘንቢሉንም ወሎ ሰፈር ድረስ እኔ እሸከማለሁ።»

«ትሸከሚያታለሽ» አሉና መንገዱን መሩ።

ማሙሽ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ቢላውን አስቀምጦ ወጣ። ትከሻቸውን ሳመ።

«አባባ፣ ጠፉብኝ እኮ። ለእርስዎ ያስቀመጥኩት ቀይ ሥጋ አለ። እትዬ እጸገነት፣ ደኅና ነዎት? ወፍረዋል፣ በቃ ኑሮ ተስማማዎት ማለት ነው።»

«ያበጥኩት በንዴት ነው» አልኩት። «በል ያንን ቀዩን ወደ ደጅ አውጣልኝ።»

«ወዴት?»

«ወደ ደጅ። ብርሃን ላይ ልየው።»

ሳቀ። «እትዬ፣ ሥጋ ፀሐይ ይሞቃል እንዴ? አቧራው፣ ዝንቡ...»

«ዝናብ አሁን ነው ያባራው። አቧራ የለም።»

«ማለቴ፣ ደንቡም አይፈቅድም።»

«እሺ ማህተሙን አሳየኝ።»

«ማህተም ያለበት ብልት ጠዋት ተሸጦ አለቀ።»

እኔ ሌላ ልጨምር ስል ጋሽ ታዲዎስ ክንዴን ያዙ። ፊታቸው በሐፍረት ቀልቷል፤ ያፈሩት በእኔ ነው።

«በቃሽ» አሉኝ። «የሰው ልጅ በቤቱ አይዋረድም።» ወደ ማሙሽ ዞሩና፦ «ተዋት ልጄ፣ ጠባይዋ ነው። ታውቃታለህ። ቁረጥልኝ፤ ለክትፎ ነው።»

ማሙሽ መንጠቆው ላይ ካለው ይቆርጥ ጀመር። ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መሰለኝ። እልኸኛ ነኝ፣ ግን ሽማግሌ በቃሽ ካለኝ በኋላ በሰው ቤት ጠብ አላነሳም። ወደ በሩ ፈቀቅ አልኩ።

ጋሽ ታዲዎስ ያስቀየሙትን ልጅ ለማስደሰት ብለው ይመስለኛል፣ ጠጋ ብለው ምስጢራቸውን ነገሩት።

«አሳምረህ ቁረጥ። ለሩሐማ ነው። አርግዛለች። በጥሬው ነው የምታጎርሰኝ ብላኛለች።»

የማሙሽ ቢላ ቆመ።

ማሙሽና ሩሐማ አንድ ግቢ ነው ያደጉት። ትምህርት ቤት እጅ ለእጅ ተያይዘው ነበር የሚሄዱት፤ ሲታመም ደብተሩን የምትጽፍለት እሷ ነበረች። የቆረጠውን ሥጋ አየው፤ ጋሽ ታዲዎስን አየ፤ ከዚያ ሥጋውን ከሚዛኑ ላይ አነሳው።

«አባባ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ለሩሐማ ዛሬ ይቅር።»

«ምን ማለት ነው ይቅር?»

«መብራቱ ሲሄድ ሲመጣ ሰንብቷል። ፍሪጁም... በቃ ለእሷ ይቅር። ለእሷ አልሰጥም።»

«ይሄ ሥጋ ቄራ የታረደ አይደለም?»

ማሙሽ በጨርቅ ቢላውን ይጠርግ ጀመር፤ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና ጠረገው። በሩ ላይ አንዲት ሴት ፌስታል ይዛ ተራ ትጠብቃለች። ጋሽ ታዲዎስ እሷን አዩ።

«ለዚህች ልጅስ?» አሉት ወደ ሴትዮዋ እያመለከቱ። «ለእሷ ትሸጥላታለህ? የእሷን አባት ስለማታውቀው ነው?»

ማሙሽ አንገቱን ደፋ። ሴትዮዋ ነገሩ ገባት መሰለኝ፣ ፌስታሏን አጣጥፋ ሄደች። ጋሽ ታዲዎስም ባዶ ዘንቢላቸውን አንስተው ወጡ፤ ጃንጥላቸውን እዚያው ረስተውት እኔ ተከትዬ አመጣሁላቸው።

አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ቆሙ።

«ልጄን በእጄ ላጎርሳት ነበር» አሉ።

«አላጎረሷትም። ሰዓቱ አላለፈም ጋሼ።»

«አባቱ ቢሰማ...»

«አባቱ ቢኖሩ መንጠቆ ላይ የሚሰቅሉት ራሱን ነበር። አሁን እንሂድ፤ ልጅቷ ሥጋ ትጠብቃለች።»

ወሎ ሰፈር ገባ ብሎ ያደታ የሚባል ሥጋ ሻጭ አለ። ወሬ አይወድም። ቤቱ ነጭ ሰቆች አሉት፤ አምፖሉም ነጭ ነው። ስንገባ መጀመሪያ ያለው «ለማን ነው? እንዴት ነው የምትሠሩት?» ነው። ጋሽ ታዲዎስ ነፍሰ ጡር ልጅ አለችኝ፣ ክትፎ አምሯታል አሉት።

«ለጥሬ ከሆነ አልሰጥዎትም አባቴ» አለ። «ሥጋዬ ጥሩ ነው፣ ማህተሙ ይኸው። ግን ጥሩ ሥጋም ቢሆን ለእርጉዝ መብሰል አለበት። ክትፎው እሳት ላይ ገብቶ ቀዩ እስኪጠፋ ይብሰል። ለጥብስ ከሽንጡ፣ ለሾርባ ከጎድኑ ልስጥዎት።»

«ወደ ደጅ ታወጣልኛለህ?» አሉት። ይህን ያሉት እኔን ሳያዩ ነው።

ያደታ ትሪ ላይ አድርጎ ደጃፉ ላይ ያዘላቸው። ደመናው ሳሳ ብሎ ብርሃን ነበር። ጎንበስ ብለው አዩ፤ በጣታቸው ተጫኑ፤ ሥጋው ተመለሰ። እንደገና ተጫኑ። የሕፃን ሆድ የሚነኩ ነበር የሚመስሉት።

«ዶሮስ?» ብለው ጠየቁኝ ስንመለስ። «ሩሐማ ስትወልድ ለአራስ ዶሮ ይሠራላታል። እኔ ቀይ አውራ መርጬ ነው የምገዛው።»

«ላባው አይበላም ጋሼ። ቀይ ይሁን ገብስማ ሥጋው ላይ ምንም አይጨምርም። ዓይኑ ንቁ ይሁን፣ አናቱ ላይ ያለው ኩክኔ ይደምቅ፤ አፍንጫው አይዝረክረክ፣ ክንፉን አይጣል፤ ጭራው ሥር ንጹሕ ይሁን። ደረቱን ሲዳስሱት አጥንቱ እንደ ቢላ ከወጣ ከስቷል። እግሩን አስረው ቁልቁል የሰቀሉትን አይግዙ፤ መሬት ላይ አስቁመው ሲራመድ ይዩት። የታረደውን ከገዙ ደግሞ ያሽትቱት፤ ቆዳው የሚያጣብቅ ከሆነ ይተዉት። ሲያጥቡትም ውሃው ለሰላጣ በተቀመጠው ላይ አይረጭ።»

«ይህን ሁሉ ነርሷ ናት የነገረችሽ?»

«ጥቂቱን እሷ፤ የቀረውን ጎረቤቴ ዙህራ። እሷ የምትገዛው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው፣ እኔ ከክርስቲያን። ግን ሁለታችንም ደጅ አውጡልን እንላለን። ባራጁ እንለያያለን እንጂ የተበላሸ ሥጋ የእሷንም የእኔንም ልጅ እኩል ነው የሚያሳምም።»

ያን ዕለት ሩሐማ የበሰለ ክትፎ በላች። ትንሽ አኮረፈች አሉ። አባቷ ግን በእጃቸው አጎረሷት፤ ስትጨርስም ምክንያቱን ነገሯት። እሷም ስለ ማሙሽ ስትሰማ አለቀሰች፤ ለምን እንዳለቀሰች አልጠየቅኩም።

ጋሽ ታዲዎስ ማሙሽን አልተዉትም። በማግስቱ ሄደው፦ «ልጄ ነህ፤ ቡና አብሬህ እጠጣለሁ፤ ሥጋህን ግን አልበላም። ያንን ቀይ አምፖል ያወረድክ፣ ማህተም ያለውን የሰቀልክ ቀን ጥራኝ» አሉት። ከማኩረፍ ይልቅ ይህ ነው የሚከብደው። እኛ ደንበኞች ብዙ ጊዜ ወይ ዝም ብለን እንገዛለን፣ ወይ ዝም ብለን እንቀራለን። ሁለቱም ሥጋ ሻጩን አያርመውም። ፊት ለፊት ስንጠይቀው ግን የምንጠይቅ መሆናችንን አውቆ ደኅናውን ሥጋ ያስቀምጣል፤ ልጆቻችንን ሆዳቸውን አያማቸውም፣ የኮሶ መድኃኒት አንፈልግም፣ ነፍሰ ጡሮቻችን በሰላም ይወልዳሉ።

ሩሐማ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የክርስትናው ሰሞን ጋሽ ታዲዎስ ደውለው ማሙሽ ጠርቶኛል፣ አብረሽኝ ነይ አሉኝ። ሄድን። ግድግዳው ነጭ ተቀብቷል፤ አምፖሉም ተቀይሯል። ማሙሽ ከእሳቸው ይልቅ እኔን ፈራ፤ ሰላምታውም አጭር ነበር። ጋሽ ታዲዎስ ዘንቢላቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ማሙሽ ጎድኑን ከመንጠቆው አወረደ፤ ማህተሙን ወደ እኛ አዞረ፤ በሁለት እጁ ታቅፎም ወደ ደጅ ወጣ።