መምህር ሐብተ ማርያም ሳንጃ የወረዱበት ምክንያት

አባቶቼ ካህናት፣ ከሳንጃ ቆላ ድረስ ወጥታችሁ የደረሳችሁ ወገኖች፣ የጎንደር ጎረቤቶቻችን፤ ስለ ወንድሜ ስለ መምህር ሐብተ ማርያም ወልደኢየሱስ አሥር ዓመት ሙሉ ብዙ ተወርቷል። ከእንግዲህ መልስ መስጠት ስለማይችሉ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው እንኳየሁ እውነቱን በአስከሬናቸው ፊት አነባለሁ።

መምህር ሐብተ ማርያም ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል በላቸው፣ በደንቢያ በኮላ ድባ አጠገብ በ፲፱፻፲፭ ዓ.ም. ተወለዱ። ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ቤት ሳሉ ጠላት ከሀገር ስለወጣ ወደ ጎንደር መጥተው አዲሱን ትምህርት ቤት ገቡ፤ እንግሊዝኛንም ከአንድ ህንዳዊ መምህር ተምረው በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. ራሳቸው አስተማሪ ሆኑ። በዚያው ዓመት ወይዘሮ ይመኙሽ አላምረውን በሥርዓተ ተክሊል አግብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል።

በዚያን ዘመን ተማሪው የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ሸምድዶ፣ ምን ማለት ነው ሲባል አፉን ይዞ ይቀር ነበር። መምህር ሐብተ ማርያም ግን ከቋንቋው በፊት አማማሩን ማወቅ ይገባል ብለው፣ ለአምስቱ ጣቶች አምስት ጥያቄ ሰጡ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን። ተማሪው ሲያነብ መልስ ያገኘለትን ጣት ያጥፋል፤ ያልታጠፈ ጣት ከቀረ ተመልሶ ያነባል፤ እንግዳ ቃል ሲገጥመው መዝገበ ቃላት ከመግለጡ በፊት ከጎንና ከጎኑ ያሉትን ቃላት ይመረምራል፤ ሲጨርስም የገባውን በከንፈሩ ለራሱ ይተርካል። በቅኔ ቤት ልማድም የገባው ላልገባው ያስረዳ ስለነበር፣ አልገባኝም ማለት በክፍላቸው ነውር መሆኑ ቀረ።

በ፲፱፻፶፫ ዓ.ም. በሚኒስትሪ ፈተና ዕለት፣ ከሌላ አውራጃ የመጡት ፈታኝ ልጆቹ ሁሉ ጣት ሲያጥፉና ከንፈር ሲያንቀሳቅሱ አይተው፣ በምልክት መልስ ይቀባበላሉ ብለው ወረቀቱን ሰበሰቡ። ከጃናሞራና ከአርማጭሆ ስንቅ ተሸክመው የመጡ ልጆች የስምንት ዓመት ድካማቸው በአንድ ጥዋት መና ሊቀር ሆነ፤ ወላጆችም «ምነው የኔታ፣ ልጆቻችነን ሌብነት አስተማሯቸው?» እያሉ ከደጃቸው ቆሙ። ከብዙ ምልጃ በኋላ፣ ልጆቹ እጃቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ አፋቸውንም ገጥመው በሳምንቱ እንደገና እንዲፈተኑ ተፈቀደ። ወንድሜም አንድ ልጅ እንኳ ቢወድቅ ጎንደርን እለቃለሁ ብለው ፈረሙ፤ ተዉ ብላቸው እንቢ አሉ።

ነገር ግን በቤተ ክህነት ያደገ ሰው ድምፅ ሳያሰማ ማንበብ መች ያውቃል? ስለዚህ አስተማሪውም ተማሪውም እኩል ጀማሪ ሆነው፣ በከንፈራቸው መካከል የሽንብራ ፍሬ ይዘው ማንበብን ተለማመዱ፤ ፍሬው የወደቀበት ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሽንብራውን ቆርጥሞ የተገላገለም አልጠፋም። በፈተናው ዕለት በሩ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ መምህሩ ከግቢው ዛፍ ሥር ቆመው ውሃ እንኳ አልቀመሱም።

ከአንድ ልጅ በቀር ሁሉም አለፉ። ያ ልጅ የተዘረጋው ጣቱ እንዳይታጠፍ ሲጠብቅ ውሎ የመጨረሻውን ገጽ ሳይገልጥ ቀረ። ክሱ ሐሰት መሆኑ ታወቀ፤ ፊርማ ግን ፊርማ ነው ተባለና መምህር ሐብተ ማርያም ወደ ሳንጃ ተዛወሩ። አልሸሽግም፣ ነገሩ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በዚያም አሥር ዓመት ሲያስተምሩ ወባ እየተመላለሰባቸው ጤናቸው ተጎድቶ፣ ጎንደር መጥተው ሲታከሙ ቆይተው፣ በመጋቢት ፲፱፻፷፫ ዓ.ም. በተወለዱ በአርባ ስምንት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸውን ወይዘሮ ይመኙሽን፣ ልጆቻቸውን ለተ ማርያምን፣ ክንዱንና ወለተሩፋኤልን፣ እኔን ወንድማቸውን፣ ተማሪዎቻቸውንም ትተው ሄደዋል። ያ የወደቀው ልጅ ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ ከመካከላችሁ ቆሟል፤ ስሙን እንዳልጠራ ወንድሜ አደራ ስላሉኝ አልጠራውም። ድምፃቸው ሳይዘጋ ግን «ያ ልጅ ለቀብሬ መምጣቱ አይቀርም፤ ሳንጃን ወድጄ ነው የኸድሁ በለው፤ እዚያም ሸጋ ተማሮች አግኝቻለሁ» ብለውኛል። እግዚአብሔር የመምህር ሐብተ ማርያምን ነፍስ ከደጋግ አባቶች ማረፊያ ያኑርልን፤ ለባለቤታቸውና ለልጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ፤ ላንተም፣ ልጄ፣ ይስጥህ። አሜን።