ክፍት የተተወው ቁስል

አቶ ደግሰውን ያገኘኋቸው በአጋጣሚ ነው፤ ሰቆጣ፣ ከሆስፒታሉ በር ላይ። እኔ ለጨጓራዬ መድኃኒት ልወስድ መጥቻለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ባዶ ቃሬዛ የተሸከሙ ሁለት ጎረምሶች አስከትለው ከጋዝጊብላ ደርሰዋል። በአገሩ ስማቸው የተጠራ ወጌሻ ናቸው። ልጃቸውን ደብሬን አስተምራታለሁ።

"ቃሬዛው ለማን ነው?" አልኋቸው።

"ለደብሬ ነዋ፣ መምህር! ልወስዳት ነው። ባቷን ግራና ቀኝ ተልትለው ሳይሰፉ ጥለዋታል። ለከብት እንኳ እንዲህ አይደረግም!"

ደሜ ፈላ። ደብሬ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወድቃ እግሯ ሲሰበር፣ በሽንበቆና በአቡጀዲ ጥፍር አድርገው ያሰሯት እኒሁ አባቷ ናቸው። እግሯ አብጦ፣ ጣቶቿ ቀዝቅዘው ነው እዚህ የደረሰችው። እሳቸው ግን ጥፋቱን ያዩት በቀደደው ሐኪም ላይ ነበር።

ተከትያቸው ገባሁ። ደብሬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ነርሷ ሲስተር ማስተዋል ቃሬዛውን ስታይ ከበሩ ላይ ቆመች።

"አባቴ፣ የት ሊወስዷት ነው?"

"ቤቷ ነዋ። ቁስል ይዘጋል እንጂ ተከፍቶ ይቀመጣል? እኔው እሰፋዋለሁ፤ ካልሆነም ጠበል አለ።"

"ጠበሉን ማን ይከለክልዎታል? ግን ይስሙኝ። የባታችን ሥጋ ጠንካራ ሽፋን አለው፤ እንደ ተሞላ ጆንያ አይለጠጥም። ውስጡ ሲያብጥ መሄጃ ያጣል፤ ደም ይታገዳል፤ እሷ በሕይወት እያለች ሥጋው ይሞታል። ሐኪሙ የቀደደው እንዲተነፍስ ብሎ ነው። እብጠቱ ሳይጎድል ከሰፋነው መልሰን አነቅነው ማለት ነው።"

"ታዲያ እንዲሁ ክፍቱን ሊቀር ነው?"

"አይቀርም። ሐኪሙ በየጊዜው ኦፕራሲዮን ክፍል እያስገባ ያየዋል፤ ያጥበዋል፤ የሞተ ሥጋ ካለ ያነሳል። እብጠቱ ሲቀንስ ቆዳውን በክር ቀስ በቀስ እያቀራረበ ይዘጋዋል። አልገጥም ያለውን ከጭኗ ስስ ቆዳ አንስቶ ይለጥፍበታል። አሁን ከወሰዷት ግን ቁስሉ ይመረቅዛል። እግሯን እናጣለን፤ ምናልባትም እሷኑ።"

"ጸጉሬ እስኪሸብት አጥንት ያሰርሁ ሰው ነኝ! ካልጠበቀ አይገጥምም!"

ማስተዋል አልተከራከረችም። የደም ግፊት መለኪያውን አምጥታ፣ "ይፍቀዱልኝ" ብላ ክንዳቸው ላይ ጠቀለለችው፤ ነፋችው፤ እንደ ተነፋ ተወችው። ሽማግሌው መጀመሪያ ፈገግ አሉ። ቆየት ብሎ ጣቶቻቸው ጠቆሩ።

"በቃ፣ ፍቺው።"

"ትንሽ ይቻሉት፣ አባቴ።"

"ኧረ ፍቺው! እጄ ደነዘዘ እኮ!"

ፈታችውና ዝግ ባለ ድምፅ ጠየቀቻቸው፤ "ደብሬስ ፍቱልኝ ስትል ምን አሏት?"

የመለሰችው ደብሬ ናት፣ ፊቷን ሳታዞር።

"ቻይው፣ ጎበዝ ልጅ አታለቅስም አለኝ።"

እኛ ዘንድ ሕመሙን የሚችል ልጅ ይመሰገናል፤ የሚጮኸውን የሚሰማው የለም። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። አቶ ደግሰው ጎረምሶቹን በእጃቸው አሰናበቷቸው፤ ቃሬዛው ባዶውን ተመለሰ።

ቁስሉ ማስተዋል እንዳለችው ተዘጋ፤ አንደኛው ጎን በክር፣ ሌላው ከጭኗ በተነሳ ቆዳ። እግሯ ተረፈ። ነገር ግን ታስሮ በቆየበት ጊዜ የሞተውን ነርቭ የሚመልስ ሐኪም አልተገኘም። ደብሬ ዛሬ የእግሯን ጫፍ ማንሳት አትችልም፤ እየጎተተች ትሄዳለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ደግሰው በደጀ ሰላሙ ቆመው ሕዝቡን እንዲቀመጥ ለመኑ።

"አጥንት የተሰበረበትን ሰው ደግፋችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት እንጂ አታጥብቁበት። ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቱ ከደነዘዘ ወይም ከቀዘቀዘ ማሰሪያውን ያኔውኑ ፍቱ። ሐኪም ቀዶ ክፍቱን ቢተወውም አትሽሹ፤ ታገሡ፤ ጊዜው ሲደርስ ይዘጋዋል። በቶሎ የደረሰ በሁለት እግሩ ቆሞ ያርሳል፣ ትምህርት ቤቱም ይመለሳል።"

ሰው ሁሉ መረቃቸው። ሊቀመጡ ሲሉ ደብሬ በምርኩዟ ተነሳች።

"አባ፣ አልጨረስህም።"

"ምን ቀረ፣ ልጄ?"

"ፍታልኝ እያልሁ መለመኔ ቀረ።"

ሽማግሌው ምርቃቱን በሰጣቸው ሕዝብ ፊት አንገታቸውን ደፉ።

"ለምናኝ ነበር" አሉ። "ሰምቻታለሁ። ወጌሻው እኔ ነኝ ብዬ አልፈታሁላትም።"

ደብሬ ያን ጊዜ ተቀመጠች።